የደረሰው ብቻ ይቆጠራል

ከግሸን ግርጌ በቅሎና ፈረስ ይዞ ከሚቆመው ሰው አንዱን «ወንድም ዓለም፣ ከዚህ እስከ ላይኛው በር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» በሉት። «ምን አላት! እዚችው ናት» ይላችኋል። ሌላውን ጠይቁ፤ «ሰው ካልበዛ ቶሎ ነው» ይላል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያይና «ሳይመሽ እንገባለን» ይላል። አንዳቸውም አልዋሹም። መንገዱንም ከእኔና ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን መልሳቸውን ሁሉ አንድ ላይ ብትሰበስቡት ከኋላ ለሚመጣው መንገደኛ የሚሆን ነገር አይወጣውም። እኔን የሰለቸኝ ይኸ ነው። የሰለቸኝም ብቻዬን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ ረጅም የፈረስና የበቅሎ ጉዞ በቁም ነገር መዝግቦ ለመያዝ የሞከረ ሁሉ፣ የእንስሳት ሐኪምም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ አስጎብኚም ይሁን እንደ እኔ የጋማ ከብት ወዳድ፣ ይኸንኑ እሮሮ ሲያሰማ ሰምቻለሁ።

ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ተራሮች መካከል መስቀለኛ ሆኖ የተቀመጠ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አምባ ነው። መስከረም 21 ሲደርስ ከየአገሩ ዳርቻ ሕዝብ ይተምበታል። ከደሴ በኩታበር አድርጎ የሚመጣ አለ፤ በሐይቅና በውጫሌ በኩል የሚመጣ አለ። መኪናው የቻለውን ያህል ይሄዳል፤ የቀረው በእግር ነው። እግሩ ያልታዘዘለት ሽማግሌ፣ ሕመምተኛው፣ ስንቁና ዕቃው በጋማ ከብት ይወጣል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ አልጠናም፣ ድንጋዩ ያሟልጫል። የመኸሩ ገብስም ገና አልታጨደም፤ ብዙው ከብት ሣር ብቻ ግጦ ነው ለዚህ ሥራ የሚቀርበው። አንዲት በቅሎ በዚያ ሰሞን ሰው ይዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ መልሳ ትወጣለች። በሌላው ዓለም እንዲህ ላለው ሥራ ደንብ ጽፈውለት፣ ሐኪም መድበውለት ነው የሚያካሂዱት። እኛ ዘንድ በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለ ሥራው የሚቀረው «ዘንድሮ ሰው በዝቶ ነበር» የሚል ወሬ ነው።

የጥንቱ ሰው ርቀትን በቀን መንገድ ሲለካ አልተሳሳተም። የሲራራ ነጋዴ ቀን የታወቀ ቀን ነበር። ማልዶ ይጭናል፣ ፀሐይ ሳትበረታ ያራግፋል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ በማግሥቱ እንደገና ይጭናል። ስለዚህ «የሦስት ቀን መንገድ» ሲባል ጭነቱም፣ ዕረፍቱም፣ ግጦሹም በውስጡ ነበረ። ዛሬ ያ ሥርዓት ሲጠፋ ልኩ ብቻ በአፋችን ቀረ። «የግማሽ ቀን መንገድ» የሚለኝ ሰው በእግር ይሁን በበቅሎ፣ ባዶ ይሁን ተጭኖ፣ ሲወጣ ይሁን ሲወርድ ካልነገረኝ ምን ልያዝለት? ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተዘዋወረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነገሥታቱ ልጆች ስለሚጠበቁበት ተራራ ሲጽፍ፣ ዙሪያው የ15 ቀን መንገድ እንደሆነ እንደነገሩት አስፍሯል። የነገሩት ሰዎች ምን ማለታቸው እንደነበር ያውቁ ይሆናል። እሱ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሄደ፤ አምስት መቶ ዓመት ሙሉም ቁጥሩ ብቻ ሲነበብ ይኖራል። ዛሬ ግሸን ግርጌ ቆመን የምንሰጠው መልስም ከዚያ የተሻለ አልሆነም።

ፈረስን መለየትስ እናውቅበታለን። በመልኩ ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ፣ ሻንቆ እንላለን። በአረማመዱ ሰጋር እንላለን፤ ሶምሶማውን ከደንገላሳው፣ ደንገላሳውን ከሽምጡ እንለያለን። ፈረሰኛውን ሳይቀር በፈረሱ ስም ጠርተናል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ የወሎው ራስ ሚካኤል አባ ሻንቆ ተብለዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ ከራስ ሚካኤል ጋር የሠራውን ሥራ የማያውቅ የለም። ያ ፈረስ ግን ከወሎ ሜዳ ተነሥቶ ትግራይን አቋርጦ፣ አምባላጌና መቀሌ ላይ ጦርነቱ ሲካሄድ ወራት ከርሞ፣ ገና ከዚያ በኋላ ነው ዓድዋ የዋለው። በየቀኑ ስንት ሄደ? ምን በላ? ስንቱ በመንገድ ቀረ? ስንቱ ተመለሰ? ስሙን ዘፍነንለታል፤ መንገዱን ግን አልጻፍንለትም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ ሲያደርስ በምን ሁኔታ እንዳደረሰ የሚጠይቅ ጠፋ።

የሚያናድደኝ ደግሞ በዚችው ወሎ የሌላ አገር ሠራዊት መጥቶ የራሱን ከብት ቆጥሮ መሄዱ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገሠግሥ 44 ዝሆኖችን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳት ነበሩት። ገና ከባሕሩ ዳር ሳይነሣ በቅሎዎቹ በውኃ እጦትና በጠባቂ ማነስ በብዛት አለቁበት። ይኸን የምናውቀው ደብቀው ስላላለፉት ነው። ከዘመቻው ሁለት ዓመት በኋላ በታተመው ይፋ መዝገባቸው የማጓጓዣው ነገር ከውጊያው ባልተናነሰ ተጽፏል። እሱን ያነበበ የጦር መኮንን በሌላ ዘመቻ ውኃውን ከበቅሎው በፊት ለማዘጋጀት ትምህርት ያገኛል። እኛ ያን ጊዜም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም በዚያው ዳገት ላይ ስንጭን ኖረናል፤ የጭነታችን መዝገብ ግን የለንም።

ታዲያ አሁንስ ቁጥር የለም ማለት አይደለም። ቁጥር ሞልቷል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረውና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ባወጣቸው የናሙና ጥናቶች ፈረሱን ወደ ሁለት ሚሊዮን፣ አህያውን ወደ አሥር ሚሊዮን፣ በቅሎውን ወደ አራት መቶ ሺህ ገምቶታል፤ በጾታ፣ በዕድሜና በአገልግሎትም ከፍሎታል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኔም ብዙ ተጠቅሜበታለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመና የአገራችን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናትም የኢትዮጵያን ፈረሶች በሰውነት አቋማቸው ለክቶ በስምንት መድቧቸዋል፤ ሰላሌ፣ ሆሮ፣ ባሌ፣ ከፋ፣ የቁንዱዶው የዱር ፈረስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስማቸው አለ። እንግዲህ ስንት እንደሆኑ በግምት እናውቃለን፤ ምን እንደሚመስሉም እናውቃለን። ምን ያህል እንደሚሄዱ ግን የሚነግረን ሠንጠረዥ የለም። «ለማጓጓዣ» የሚል ዓምድ ውስጥ የከተማው የጋሪ ፈረስና የግሸን ዳገት በቅሎ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በበዓላቱም እንዲሁ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳየው ትርዒት የአገር ኩራት ነው። ዜናው ግን ሁልጊዜ «በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች ተሳትፈዋል» ይልና ያበቃል። ከነዚያ ፈረሶች ብዙዎቹ ወደ ሜዳው የመጡት ከየወረዳው ተጋልበው ነው። ከሩቅ የመጣው ፈረስ ሜዳው ላይ ከቅርቡ ጋር እኩል ይጋልባል፤ ማታ ደግሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። የዚያ ፈረስ ትልቁ ጀብዱ በካሜራ ፊት ያደረገው ሳይሆን መጥቶ መመለሱ ነው። እሱን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ አንድም ቀን አላየሁም። ብዙ አባላት ያሉት፣ አለቃና ደንብ ያለው ማኅበር «ከየት መጣህ? ስንት ሰዓት ጋለብህ?» ብሎ ቢጽፍ ለመላው አገር የሚተርፍ መረጃ በእጁ በነበረ።

የሌላውን አገር ልማድ ለማወደስ አይደለም፤ ግን እዩት። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴቪስ የሚባል የአንድ ቀን ግልቢያ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል፤ 160 ኪሎ ሜትር፣ ተራራ ለተራራ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ በሚካሄዱት ውድድሮች ደግሞ ፈረሱ በየምዕራፉ ሐኪም ፊት ይቀርባል። የልብ ምቱ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደ፣ ወይም ሲራመድ ካነከሰ፣ ጋላቢው ቢለምንም ቢያለቅስም አይቀጥልም። ትልቁ ቁም ነገር ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ያልጨረሰው ፈረስም ይመዘገባል፣ ያልጨረሰበት ምክንያትም አብሮ ይጻፋል። በማንከስ ነው? በድካም ነው? ጋላቢው ራሱ አቁሞ ነው? የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ ሰብስበው ሲያጠኑት ከጀመሩት ፈረሶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ውድድሩን እንዳላጠናቀቁ፣ ዋናው ምክንያትም ማንከስ እንደሆነ አገኙ። ያንን ስላወቁም ነው ስለ ፍጥነቱና በውድድሮች መካከል ስለሚሰጠው ዕረፍት ማስረጃ ይዘው መከራከር የቻሉት።

ግማሹ አልጨረሰም! እኛ ግሸን ግርጌ ቆመን «ስንቱ በቅሎ አልደረሰም?» ብንል «ሁሉም ደርሷል» ነው መልሱ። ያልደረሰው ከወሬው ይወጣላ። በመንገድ ላይ የተኛችው በቅሎ ጭነቷ ወደ ሌላዋ ይዛወራል፤ ሰውየው ወርዶ በእግሩ ይጨርሳል፤ ማታ ስለ ጉዞው ሲወራ ግን «በበቅሎ ወጣሁ» ይላል። ጀርባዋ የቆሰለባት በማግሥቱ ብርድ ልብስ ተደርቦባት ኮርቻው ከላይ ይጫናል። ኮርቻው ሲወርድ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የምንሰበስበው ታሪክ ሁሉ የደረሰው ከብት ታሪክ ነው። ከሱ ተነሥተንም «የአምባሰል በቅሎ አትደክምም» እንላለን። አትደክምም ብለን ስላመንን እንጨምርባታለን፤ ስንጨምርባት ትቆስላለች፤ ቁስሏም ስለማይጻፍ በሚቀጥለው መስከረም ያው ኮርቻ በዚያው ገጣባ ላይ ይወጣል።

ባለ በቅሎውን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ያቺ በቅሎ የልጆቹ ደብተርና ልብስ ናት። «ትናንት አንክሳ ነበር» ብሎ ቢናገር ዛሬ የሚከራያት የለም። ደብተር ይዤ ስቀርበው የሚያየኝ ዓይን ሌላ ነው፤ «ግብር ሊጭኑብን ነው?» ነው የመጀመሪያው ጥያቄ። የበቅሎ ቁጥር ለጠየቀው ሁሉ አንሶ ይነገራል፤ እርዳታ ይሰጣል ከተባለ ደግሞ በዝቶ ይነገራል። ዕድሜዋን ስትጠይቁት «ከገዛኋት አራት ዓመቷ» ይላል፤ ከዚያ በፊት የኖረችው ዕድሜ ከሻጩ ጋር ገበያ ላይ ቀርቷል። ያቺው በቅሎ አምና «ዳማዋ» ተብላ ከአንዱ ዘንድ የነበረች፣ ዘንድሮ በሌላ ስም ከሌላው ዘንድ ልትገኝ ትችላለች። ምልክት የላት፣ መታወቂያ የላት፣ የአምናውን ድካሟን ከዘንድሮው ጋር የሚያያይዝ ክር የለም። ይኸ ሁሉ የድህነት ጣጣ ነው እንጂ የክፋት አይደለም።

ከባለ በቅሎው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ጸሐፊ ነን የምንለው ነን። አንዱ ቅጽ «የጋማ ከብት» ብሎ ፈረሱን፣ በቅሎውንና አህያውን በአንድ ሳጥን ይከታቸዋል። ሌላው ቅጽ ኪሎ ሜትር ብቻ ይጠይቃል፤ ለጥ ባለ ሜዳ የተሄደ አምስት ኪሎ ሜትርና ወደ ግሸን የሚወጣ አምስት ኪሎ ሜትር አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይደመራሉ። ሦስተኛው በስልክ ይለካል፤ ገደሉ ሥር ሳተላይቱ ሲጠፋ ስልኩ ቀጥታ መስመር አስምሮ መንገዱን ያሳጥረዋል። አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጁ ይጽፋል። አንዱ «2 ሰዓት ተነሣ» ሲል ጠዋት ነው፤ ሌላው ሲል ከቀትር በኋላ ነው። ጭነቱንም «አንድ ጭነት» ብሎ የጻፈ ሰው አጋጥሞኛል፤ የአህያ ይሁን የበቅሎ እንኳ አልለየም። ከዚያ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ወረቀቱ ከመኪናው ጋር ይሄዳል። በዓመቱ ሌላ ፕሮጀክት ሌላ ቅጽ ይዞ ያንኑ ባለ በቅሎ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። ሰውየው ቢታክተውና የመጣለትን ቢመልስ ይፈረድበታል?

መጻፍ አቅቶን ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። እድራችን ያልመጣውን ሰው በስሙ ይጽፋል፤ ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደወጣ፣ ማን እንዳልከፈለ ከነምክንያቱ ይይዛል። እዚያው ግሸን አምባ ላይ መጽሐፈ ጤፉት አለ፤ የክርስቶስ ግማደ መስቀል ወደዚያ የመምጣቱን ነገር ለትውልድ ያቆየ መጽሐፍ ነው። መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስንት አገር ዞሮ መስቀለኛውን አምባ እንዳገኘ ሲተረክ የሰማ የአምባሰል ሰው ጉዞ ይጻፋል ቢሉት አይገርመውም። የጎደለው ችሎታው አይደለም። በቅሎዋን ከሚጻፉት ጋር የቆጠራት ሰው ነው የጎደለው።

የፈረንጁን ልክ እንዳለ ማምጣትም አይሆንም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ የተሠራ ጥናት ፈረስ ከሰውነቱ ክብደት 20 በመቶ ሲጭን ደህና እንደነበረ፣ ወደ 25ና 30 በመቶ ሲወጣ ግን ጡንቻው መታመም እንደጀመረ አሳይቷል። የእኛ ደጋ ፈረስ ትንሽ ነው። 250 ኪሎ ቢመዝን 20 በመቶው 50 ኪሎ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ከነኮርቻው ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ ሁላችንም በደለኞች ነን ማለት ነው? ወይስ የእኛ ፈረስ አጥንቱ ሌላ ነው? በቅሎስ ከፈረስ ምን ያህል ትሻላለች? የልብ ምቱም ያው ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ፈረስ 64 ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ይኸን ከካሊፎርኒያ መበደር አይቻልም። የሚገኘው እዚሁ፣ ግርጌው ላይ፣ አንድ ሰው ደረቱ ላይ ማዳመጫ አስጠግቶ ሲቆጥር ብቻ ነው።

እኔ የምለምነው ትልቅ ጥናት አይደለም። ለአንዲት በቅሎ አራት ነገር ይጻፍ። የጫነችው ምን ያህል ነው፤ በሚዛን ካልሆነ ሰው ወይስ ዕቃ፣ ሕፃን ወይስ ጎልማሳ ተብሎ። በየት በኩል ወጣች፣ ስንት ሰዓት ፈጀባት። ስንት ጊዜ ተመላለሰች። ኮርቻው ሲወርድ ጀርባዋና እግሯ እንዴት ነበር። የመጨረሻው ካልተጻፈ የፊተኞቹ ሦስቱ ባይጻፉም ግድ የለኝም። ስትወጣና ስትወርድም ለየብቻ ይጻፍ፤ ሰው ስለ መውጫው ብቻ ይጨነቃል እንጂ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ይበልጡን በፊት እግሮቿ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ኮርቻውም ወደ ትከሻዋ እየተንሸራተተ የሚልጣት ያን ጊዜ ነው። ጽሑፉ ሲመደብ ደግሞ በቀበሌና በባለቤት ስም ሳይሆን በዳገቱ፣ በጭነቱና በኮርቻው ዓይነት ይመደብ። ያን ጊዜ የትኛው ኮርቻ እንደሚያቆስል፣ ከስንተኛው ምልልስ በኋላ ማንከስ እንደሚበዛ በአንድ መስከረም ባይታወቅ በሦስተኛው ይታወቃል። ባለ በቅሎውም ስሙ ሳይጻፍ፣ ግብር የሚባል ነገር ሳይነሣ፣ ለተናገረው እውነት ቁስሏ ታክሞለት ቢሄድ ነገ ራሱ መጥቶ ይናገራል።

ይኸን ሐሳብ ለሚመለከታቸው ያላሰማሁት የለም። አንደኛው ቢሮ «የሃይማኖት በዓል ስለሆነ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ሌላው «ስፖርት አይደለም» አለ። የእንስሳት ጤናው ክፍል ሐሳቡን ወዶት ነበር፤ የክትባት ዘመቻው ሲያልቅ ተመለስ ተባልኩ፤ ዘመቻው ሲያልቅ ኃላፊው ተዛውሯል። አዲሱም ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ «ለመሆኑ በዓሉ ላይ ስንት በቅሎ ነው የሚሠራው?» ብሎ ነው።